ሰባት ሴት፣ ሦስት አውራ

ቆይ፣ ጥሬውን ከመበተንሽ በፊት ያቺን ገብስማዋን ያዢልኝ። ክንፎቿን አቅፈሽ፣ እንዲያ። አሁን ጀርባዋን እዪው፤ ከክንፏ መነሻ እስከ ጭራዋ ድረስ ላባ የሚባል የለም፣ ቆዳዋ ቀልቷል። ማጅራቷም ተመልጧል። አንቺ ላባ እየቀየረች ነው ብለሽ ትተሻታል። ላባ የምትቀይር ዶሮ ከራሷና ከአንገቷ ጀምራ መላ አካሏን ነው የምታራግፈው፤ ከሥሩም አዲሱ ላባ ሹል ሹል እያለ ብቅ ሲል ይታያል። የዚች ግን የተላጠው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ አውራው ሲወጣባት በእግሩ የሚቆምበትና በአፉ ነክሶ የሚይዝበት። ሦስት ሆነው በየተራ ሲወጡባት ላባው መቼ ፋታ አግኝቶ ይብቀል?

ክንፏንም ገለጥ አድርጊው። ሰው ጀርባዋን አይቶ ያልፋል፤ ክፉው ቁስል ግን የሚደበቀው እዚህ ጎኗ ላይ ነው። አውራው ሚዛኑን ሲስት በጥፍሩ ይሰነጥቃታል፤ ላባ ስለሚሸፍነው እስኪሸትና እስኪተላ ድረስ ማንም አያየውም። የዚች ደህና ነው፣ ተመስገን። የቀሩትን ማታ ቆጥ ላይ ሲሰፍሩ በባትሪ አንድ በአንድ ገልጠሽ እዪልኝ። የቆሰለች ካገኘሽ በንጹህ የጨው ውሃ አጥበሽ ለብቻዋ ለያት፤ ዶሮ ደም ካየች የገዛ ጓደኛዋን ከመንቆር አትመለስም።

እህቴ፣ ነገሩን ሳላለባብስ ልንገርሽ። ለሰባት ሴት ሦስት አውራ አይሆንም። አንድ ይበቃል፤ እንዲያውም አንድም ላያስፈልግሽ ይችላል። ከጫጩትነታቸው ጀምሬ ያሳደግኳቸው ናቸው፣ አንጀቴ አይችልም እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ርኅራኄሽን አልነቅፍም። ግን ለሦስቱ አውራዎች ስታዝኚ ዕዳውን የሚከፍሉት ሰባቱ ሴቶች ናቸው። አንቺ ውሳኔውን ባዘገየሽ ቁጥር ከቆጥ መውረድ የሚፈሩት፣ መኖ ላይ ተረጋግተው የማይቆሙት፣ እንቁላላቸውም የሚቀንሰው እነሱ ናቸው።

መጀመሪያ አውራ ለምን እንደምትፈልጊ ለይተሽ እወቂ። ለእንቁላል ከሆነ አያስፈልግሽም። ያለ አውራ ዶሮ አትጥልም የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም፤ ሴት ዶሮ ግን ዕድሜዋ ከደረሰና መኖና ብርሃን ከተሟላላት አውራ ኖረም አልኖረ ትጥላለች። ትልልቆቹ የእንቁላል እርባታዎች አውራ የሚባል ነገር ቤታቸው አያስገቡም። አውራ ያለበት እንቁላል ለሕፃን ይበረታል የሚሉም አሉ፤ በምግብነቱ ግን ከሌላው አይለይም።

አውራ የግድ የሚሆነው ጫጩት ስትፈልጊ ነው። ያኔም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ ግቢሽ መክረም የለበትም። ሴት ዶሮ የአውራውን ዘር በሆዷ ታቆያለች፤ ከአንድ ስሪያ በኋላ ለ10 ቀን፣ አንዳንዴም ለሁለት ሳምንት የምትጥላቸው እንቁላሎች ጫጩት ሊወጣቸው ይችላል። ስለዚህ ዶሮዎቹ ጤነኛ መሆናቸውን ከምታውቂው ጎረቤት ደህና አውራ ለጥቂት ቀን ተውሰሽ መመለስ ይቻላል። ካልሆነም አውራ ካለው ሰው 10 ወይም 12 ትኩስ እንቁላል ግዢና ልታቀፍ ብላ የተቀመጠችው ዶሮሽ ሥር አድርጊላት። ቀይዋ ሰሞኑን ጎጆዋን አልለቅም ብላ ስትንጫጫ የነበረችው ለዚህ ነው። የማን እንቁላል ነው ሳትል በ21 ቀኗ ትፈለፍልልሻለች። ዘሩ በሆዷ የመቆየቱ ነገር በሌላ በኩልም ሊያሞኝሽ ይችላል፤ አውራ ቀይረሽ የአዲሱን ልጆች ብቻ ከፈለግሽ፣ አሮጌው ከወጣ በኋላ ሦስት ሳምንት ታግሠሽ ነው ለማሳቀፊያ እንቁላል ማጠራቀም የምትጀምሪው።

ሁለቱን ቦቫንሶችሽንም ከዚህ ሐሳብ አውጪያቸው። ተዳቅለው የመጡ ናቸው፤ እንቁላላቸውን ብታሳቅፊ የሚወጡት ጫጩቶች እንደ እናታቸው አይጥሉም። ዘር የምትይዢው ከሐበሾቹና ከኮይኮይኳ ነው።

ለጥበቃ ነው ካልሽኝ ደግሞ እሰማሻለሁ። ጎንበስ በዪና ያንን ቀዩን ተመልከቺው። አንገቱን ወደ ጎን አጋደለ፤ በአንድ ዓይኑ መሬቱን፣ በሌላው ሰማዩን እያየ ነው። አሁን አንድ እፍኝ ጥሬ ጣይለት። አየሽ? አልበላም። ፍሬዋን በአፉ አነሣት፣ ጣላት፣ ደግሞ አነሣት፤ ጉሮሮው ውስጥ ቁቅ ቁቅ እያለ ሴቶቹን እየጠራ ነው። ገብስማዋ መጥታ ከእግሩ ሥር ለቀመች፣ እሱ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። አውራ ማለት ይሄ ነው። ጭልፊት ሲያይ የሚያሰማው ድምፅና ድመት ሲያይ የሚያሰማው ድምፅ እንኳ አንድ አይደለም፤ ለጭልፊቱ አንድ ረዘም ያለ ቀጭን ድምፅ ያወጣና ሁሉም ሮጠው ቁጥቋጦ ሥር ይገባሉ፣ ለድመቱ ደግሞ ቆርጦ ቆርጦ እየደጋገመ ይጮኻል፣ እነሱም አንገታቸውን አቅንተው ድመቱ የት እንዳለ ይፈልጋሉ። አውራ የቤቱን ሴቶችም ያስማማል፤ ሲናቆሩ መካከላቸው ገብቶ የሚገላግል አለ። ሌሊት ግን ምንም አትጠብቂበት። ጨለማ ውስጥ እሱም እንደ ሴቶቹ አያይም፤ ሸለመጥማጥን የሚመልሰው ደህና በርና ጥብቅ ሽቦ ነው።

አሁን ጥቁሩን እዪው። ጥሬው ሲበተን ሳይጠራ፣ ሳይዞር በቀጥታ ሮጦ መጣ፣ ቄቧን በደረቱ ገፍቶ ጣላት፣ ወጣባት። እሷ ጮኻ አመለጠች፤ እሱ ግን አሁንም እያባረራት ነው። ነጩ ደግሞ ከሁለቱም ተደብቆ ከውሃው በርሜል ኋላ ቆሟል፤ የሚበላው ሁለቱ ከጠገቡ በኋላ ነው። ኋላ ያዢውና የደረቱን አጥንት በጣትሽ ዳብሺው፣ እንደ ቢላዋ ሾሏል። ጥሬ ስለጣልሽ ሁሉም የበላ ይመስልሻል እንጂ ነጩ እየከሳ ነው። ሁለቱ በበረቱበት ግቢ ሦስተኛው የሚኖረው እንዲህ ነው።

የሚቀረው ቀዩ ነው፣ እኔ ሌላ አልመርጥም። መልኩን አይቼ አይደለም። መልኩም ቢሆን ገበያ የሚወደው ነው፤ ቀይ ሆኖ አናቱ ድርብ የሆነ አውራ ብዙ ጊዜ ከነጠላው የተሻለ ዋጋ ያወጣል፣ ጥቁሩን ብዙ ገዢ አይነካውም። እኔ የማየው ግን ጠባዩን ነው፤ ጠባይ ወደ ልጆቹ ይተላለፋል። ከክፉ አውራ ጫጩት አስፈልፍለሽ የሚቀጥለው ዓመት አውራዎችሽ ጨዋ እንዲሆኑ አትመኚ። ከዚያ በኋላ ነው ዓይኑ ጥርት ያለ መሆኑን፣ እግሩ ቀጥ ማለቱን፣ የአናቱ ዘውድ ደማቅ ቀይ መሆኑን፣ እግሩ ላይ ያለው ቅርፊት አለመሸብሸቡን የምታዪው። የእግር ቅርፊት ተነሥቶ ከሻከረ ውስጡ የሚኖር ትንሽ ተባይ አለ ማለት ነው፤ ለሴቶቹም ያጋባል።

ስለ ጥቁሩ ሌላም የምልሽ አለ፣ ልብ ብለሽ ስሚኝ። ትናንት ልጅሽ ውሃ ሊያመጣ ሲያልፍ አንድ ክንፉን ወደ መሬት ጥሎ በጎኑ እየተሽከረከረ ቀረበው፣ የአንገቱ ላባ ተነሥቶ ነበር። አንቺ ሳቅሽ። የሚያስቅ አይደለም። አውራ ሰውን ከመምታቱ በፊት የሚያሳየው ምልክት ይሄ ነው። አንቺን ጉልበትሽ ላይ ነው የሚመታሽ፤ የአራት ዓመት ልጅ ግን ፊቱ እሱ በሚዘልበት ልክ ነው፣ እግሩም ላይ ያለው ሹል ነገር ዓይን ያጠፋል። አውራ ከአራት ወር እስከ ስድስት ወር ባለው ዕድሜው ሲጎለምስ ነው ይሄ ጠባይ የሚወጣው። በጫጩትነቱ ታቅፎ፣ እጅ ላይ ጥሬ እየበላ ያደገው ደግሞ ይብሳል፤ ሰውን አይፈራም፣ ሰውም እንደሱ አውራ ይመስለዋል። ጥቁሩን ያ ሕፃን በእቅፉ ይዞት ሲዞር እንደነበር አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።

ገና በሚጀምረው አውራ ላይ የሚሠራ መላ አለ። አትሩጪለት፣ አትርገጪው፣ በመጥረጊያም አትምቺው፤ ከመታሽው ለጠብ የመጣሽ ይመስለዋል፣ ከሸሸሽም አሸነፍኩ ብሎ ነገ ይደግማል። ዝም ብለሽ ቁሚ፣ ቀስ ብለሽ ወደ እሱ ተራመጂ፣ እሱ ቦታ እስኪለቅ አንቺ አትልቀቂ። ሴት ዶሮ እሱ ፊት አትያዢ፤ ስትጮህ ሊያስጥላት ይመጣል፣ ያ ደግሞ ክፋት ሳይሆን ሥራው ነው። የእግሩ ሹል በጣም ከረዘመ ጫፉን ብቻ በሞረድ ማለዘብ ይቻላል፤ ወደ መሃሉ ደም ስላለበት መቁረጥ አይገባም። ይሄ ሁሉ ግን ትልቅ ሰው ብቻ ላለበት ግቢ ነው። ሕፃን ላይ የተነሣ አውራ ሁለተኛ ዕድል አይሰጠውም፣ በዚህ አልከራከርሽም።

የቁጥሩን ነገር ለምን ለአንድ አውራ ከ8 እስከ 10 ሴት እንደሚባል አሁን ገብቶሻል ብዬ አስባለሁ። ከዚያ በታች ሲሆን በጣም የሚወዳቸው ሁለትና ሦስት ሴቶች ይኖሩትና እነሱኑ ሲመላለስባቸው ይውላል። ያንቺ ሰባት ለቀዩ ለብቻው እንኳ ጥቂት ያንሳሉ፤ ለዚህ ነው የገብስማዋ ጀርባ እስኪያገግም እሷን ለብቻ ለይተሽ፣ ሌሎቹ ግን እንዲያዩዋት በሽቦ ብቻ ከልለሽ አቆያት የምልሽ። ጨርሰሽ ከዓይናቸው ካራቅሻት ስትመለስ እንደ እንግዳ ይነቁሯታል። በሚቀጥለው ገበያ ሁለት ሦስት የ45 ቀን ቄቦች ብትጨምሪ ሲደርሱ ቁጥሩ ይስተካከልልሻል።

ጎረቤቶችሽም አሉ። እዚህ ሰበታ ግቢና ግቢ የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው፤ ከቆርቆሮው ወዲያ ሌሊት ሆስፒታል አድራ የምትመጣ ልጅ አለች። አውራ በጎህ የሚጮኸው ብርሃን አይቶ ብቻ እንዳይመስልሽ። ጃፓን ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 አውራዎችን ቀንና ሌሊት በማይለይ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ አቆይተው፣ ሰዓቱን በውስጣቸው ባለ ቆጣሪ ጠብቀው እንደሚጮኹ አሳይተዋል። በ2015 ደግሞ እነዚሁ ሰዎች ሌላ ነገር ጨመሩ፤ አብረው የሚኖሩ አውራዎች ሲጮኹ መጀመሪያ የሚጮኸው ሁልጊዜ የበላዩ ነው፣ ሌሎቹ በማዕረጋቸው ተራ ይከተሉታል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ያንቺ ግቢ ሦስቴ የሚያስተጋባው ስለዚህ ነው። አንድ ሲሆን ተቀባይ የለውም፤ መጮሁ ባይቀርም መደጋገሙ ይቀንሳል። የዶሮ ቤቱን ከጎረቤት አጥር አርቀሽ ወደ ኩሽናው በኩል አዙሪው፣ ቀዳዳውንም በደንብ ድፈኚው፣ አየር የሚገባበትን ግን ከላይ ተዪለት። ድምፁን ለማፈን አንገቱ ላይ ጨርቅ የሚያስሩ አሉ፤ አታድርጊው፣ ሲውጥ ይታነቃል። ለልጅቷም ሄደሽ ራስሽ ንገሪያት። በዓል ሲደርስ ጥቂት እንቁላል ይዘሽ ብትሄጂ ደግሞ የወግ ነው።

ጥቁሩንና ነጩን ምን ላድርጋቸው ትዪኛለሽ። ዛሬውኑ ለያቸው። ከኋላ ያለችውን የእንጨት ማስቀመጫ አጽጂና ቆጥ አድርጊላት። ወንዶች ሴት በማያዩበት ቦታ አብረው ሲሆኑ፣ በተለይ አብረው ያደጉ ከሆኑ፣ ብዙ አይጣሉም፤ የሚያጣላቸው ሴት ማየታቸው ነው። ነጩ ከተጎዳበት ቶሎ ያገግማል፤ ጥቁሩ እዚያም ካሳደደው ግን የአጣና መለያ በመካከላቸው አቁሚ። ስትወስጃቸው ቀን አታባሪያቸው። ከመሸ በኋላ ቆጥ ላይ እንዳሉ አንሺያቸው፣ እጅ አያስቸግሩም።

የሚሸጡበትን ጊዜ ደግሞ አስቢበት። አሁን ጾም ላይ ነን፤ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን የቀረው ጾም ነው፣ ዶሮ የሚገዛ ጾመኛ የለም፣ ዋጋው ወርዷል። እስከ ፋሲካ ሳምንት መግበሽ ማቆየት ያዋጣል። ነጩ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሥጋ ያወጣል። ጥቁሩን ለቤታችሁ አስቀሪው። ገበያ በመልኩ ያረክስብሻል፤ ድስት ውስጥ ግን ጥቁርና ቀይ ልዩነት የለውም። ከመታረዱ በፊት ሌሊቱን መኖ ከልክሉት፣ ውሃ ግን ይጠጣ፤ ሲገለፈፍ ንጹህ ይሆናል። የሐበሻ አውራ ሥጋው ጠንካራ ነውና ወጡን አታጣድፊው። ሽንኩርቱ በደንብ ይቁላላ፣ 12ቱም ብልት በዝግታ ይብሰል። ያሳደግሽው ዶሮ ነውና መብላት ቢከብድሽ አልገረምም፤ ያኔ ለእኔ ላኪልኝና በምትኩ ከገበያ ግዢ። አንቺ ያየሽው፣ የመገብሽው፣ በአንድ ጊዜ ያለ ብዙ ስቃይ የታረደ ዶሮ ግን እግሩ ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ከሩቅ ከመጣው የተሻለ ኑሮ የኖረ ነው።

ከዚህ ወዲያ ደግሞ እንዲህ እንዳይደገምብሽ ጫጩት ከመፈልፈሉ በፊት ወስኚ። ከምታስፈለፍያቸው ግማሽ ያህሉ ወንድ ይሆናሉ፣ በአንድ ጊዜ 10 ከወጡ አምስቱን አውራ ብለሽ ቁጠሪያቸው። ለፋሲካ አውራ ለማድረስ ከፈለግሽ ጥቅምት ላይ አሳቅፊ፤ ዝናቡም ስላለፈ ጫጩቱ በርጥበት አይሞትብሽም፣ ሚያዝያ ሲደርስም አምስት ወር ገደማ ይሆናቸዋል። ለእንቁጣጣሽ ከሆነ የካቲት ነው። የኮይኮይኳ ጫጩቶች ገና ሲወጡ ይለያሉ፤ ከቀዩ ሲወለዱ ወንዱ አናቱ ላይ ነጭ ነጥብ አለው፣ ሴቷ የላትም። የሐበሾቹን ግን እስከ ሁለት ወር ጠብቂ። ዘውዱ ቀድሞ የቀላውና እግሩ የወፈረው ወንድ ነው፣ ቆይቶም የወገቡ ላባ ጫፉ ሹል ሆኖ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ያን ያየሽ ለት ለያቸው፤ ጎልምሰው ሴቶቹን ማሳደድ እስኪጀምሩ አትጠብቂ።

የመኖውን ነገር ልረሳው ነበር። የሌየር መኖ ብቻ ነው የምትሰጪያቸው አይደል? በውስጡ ያለው ካልሲየም ለምትጥለዋ ዶሮ የተመጠነ ነው፣ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ። አውራ ያን ያህል አያስፈልገውም፤ ለረጅም ጊዜ ሲበላው ኩላሊቱን ይጎዳዋል። አንድ አውራ ስትይዢ ለሁሉም የግሮወር መኖ ስጪና፣ የእንቁላል ቅርፊት አምሰሽ ደቀቅ አድርገሽ ወይም የኖራ ድንጋይ ፍርፋሪ ገዝተሽ ለብቻው በሰሃን አስቀምጪ። ሴቶቹ ሲፈልጉ ራሳቸው ሄደው ይበላሉ፣ አውራው ብዙም አይነካውም።

ቀዩም ቢሆን ለዘላለም አይደለም። የዘንድሮ ሴት ጫጩቶች ከርሞ ሲደርሱ የገዛ አባታቸው እንዳይወጣባቸው ይቀየራል፤ ያለበለዚያ ከጥቂት ትውልድ በኋላ የሚፈለፈለው እንቁላል ያንሳል፣ ጫጩቱም ይደክማል። እኔ ጋ ከሌላ ዘር የመጣ ወጣት አውራ አለ፣ ጠባዩን አይቼዋለሁ። ጥቅምት ላይ እንለዋወጥ። ቀዩ ወደ እኔ ይመጣል፣ የእኔው ወደ አንቺ። ከመቀላቀልሽ በፊት ግን የእኔም ቢሆን ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ፣ ውሃና መኖውም አይገናኝ፣ እሱን ከነካሽ በኋላም እጅሽን ሳትታጠቢ ወደ ሴቶቹ አትሂጂ። ፈንግል ቤት የሚገባው ብዙ ጊዜ ደህና መስሎ በመጣ ዶሮ ነው፤ ከገባ ደግሞ በጥቂት ቀን ቆጡን ባዶ ያደርገዋል። ሰባቱም ክትባታቸውን ከዚያ በፊት ይውሰዱ፣ የእኔው ወስዷል። የምታመጪበትን ቅርጫትም መኪና ላይ ሳትጭኚው በበረኪና አጥበሽ ፀሐይ ላይ አድርቂው።